በሁዳዴ የተወለደው ወንድሜና የወይራው ዘይት

ልጅ ሳለሁ፣ ሰቆጣ ለመድረስ አንድ ሙሉ ቀን በእግር በሚኬድበት የደሃና መንደራችን፣ ተረት የሚነግሩን የአባቴ አክስት ነበሩ። መነኩሲት ስለነበሩ ስማቸውን የሚጠራ አልነበረም፤ ለሁላችንም እማሆይ ናቸው። ተረቱን በአገራችን ቋንቋ በኽምጣና፣ ስድቡን በአማርኛ ያወርዱት ነበር። ራት ተበልቶ ፍሙ አመድ ሲለብስ፣ ምሰሶው ላይ የተንጠለጠለችው ትንሽ የሶላር መብራት ግማሽ ፊታቸውን እያሳየችን፣ ጅብ የበላቸውን ልጆች አንድ በአንድ ይቆጥሩልን ነበር። በእማሆይ ተረት ውስጥ ከጅብ አፍ ያመለጠ ልጅ የለም። ጭሱ ዓይኔን ሲያስለቅሰኝ «አንቺ ፈሪ፣ ገና ጅቡ ሳይመጣ!» ይሉኛል፤ ቤቱ ሁሉ ይስቅብኛል። እኔ ግን እወዳቸው ነበር። ያኔ የማምነውን ሰው ከሚያስፈራኝ ሰው አልለይም ነበር።

አብልጠው የሚወዱት የወይራ ዘይት ተረታቸውን ነው። ርግቧ ከጥፋት ውሃ በኋላ የወይራ ቅጠል ይዛ ስትመለስ፣ ከቅጠሉ አንዲት ጠብታ ሕፃን አፍ ውስጥ ወደቀች፤ ያ ሕፃን መቶ ዓመት ሙሉ አንዴ እንኳ ሳያስለው ኖረ። ጠብታዋ በየትም መጽሐፍ እንደሌለች፣ የራሳቸው ጭማሪ እንደሆነች ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ዘይቱን ሰቆጣ ከንዋየ ቅድሳት መሸጫ በትንሽ ጠርሙስ እየገዙ ጉልበታቸውን ያሹበታል። በዚያ ላይ በሬዲዮ አንዲት ሐኪም የወይራ ዘይት ለቤተሰብ ልብ፣ ለሕፃናትም ጥሩ ነው ስትል ሰሙ። ምኑ ላይ፣ ከስንት ወር ጀምሮ የሚለውን ለመስማት ትዕግሥቱ አልነበራቸውም። የፈለጉትን ሰምተው ዘጉት።

እናቴ ከእኔ በኋላ ሁለት ልጆች ቀብራለች። ስምንት ዓመት ሲሆነኝ ወንድሜ ተወለደ፤ ሁዳዴ ከገባ በሁለተኛው ሳምንት። እኛ ዘንድ አራስ ልጅ ጉሮሮው ይለሰልስ ተብሎ ቅቤ ያልሱታል። እማሆይ ግን የቅቤውን ቅል ከእናቴ እጅ ነጠቁ።

«በጾም የተወለደ ልጅ አፉን በቅቤ አይፈታም!»

«ሕፃን ምን ጾም አለበት፣ እማሆይ?»

«ሁለቱን ቅቤ አልሰሻቸው የት አደረስሻቸው?»

እናቴ የቅሉን ክዳን አንሥታ ሰጠቻቸው።

በየጠዋቱ አንድ ማንኪያ ዘይት ይሰጠው ጀመር። ሕፃኑ አፉን ሲገጥም እማሆይ «አንቺ፣ አፍንጫውን ያዥው» ይሉኛል። እይዛለሁ። ትንፋሽ ሲያጥረው አፉን ይከፍታል፣ ማንኪያው ይገባል። ሲያንቀው ፊቱ ይጠቁራል፤ ከዚያ ያስላል፣ ያለቅሳል። እኔ ደግሞ ሥራ ተሰጠኝ ብዬ ኩራቴ ሌላ ነበር፤ ለጎረቤት ልጆች ሁሉ አውርቻለሁ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጡት መያዝ አቃተው። ሲተነፍስ የጎድን አጥንቶቹ ወደ ውስጥ ይገቡ ነበር። አባቴ እናቴን በቅሎ ላይ አስቀምጦ ወደ ሰቆጣ ወሰዳት፤ እኔ ስንቅ ተሸክሜ ተከተልኩ።

ሆስፒታል የተቀበለችን ነርስ ምን እንዳቃመስነው ስትጠይቅ አባቴና እናቴ መሬት መሬት አዩ። መላሿ እኔ ሆንኩ። «የወይራ ዘይት! አፍንጫውን የምይዘው እኮ እኔ ነኝ» አልኳት፣ እንድታመሰግነኝ እየጠበቅሁ።

ነርሷ አልተቆጣችኝም። ወደ እናቴ ዞር ብላ ቀስ አድርጋ ነገረቻት። «ዘይቱ ክፉ ሆኖ አይደለም። እናንተ ትልልቆቹ ወጥ ላይ ጠብ አድርጋችሁ ብትበሉት ለልባችሁ ደግ ነው። አራስ አፍ ውስጥ ግን ስድስት ወር እስኪሞላው ከጡት በቀር ምንም አይገባም። ቅቤም፣ ውሃም። ይሄ አሁን ሳንባው ውስጥ ገብቶበታል።» በሦስተኛው ቀን ሞተ። ስም እንኳ አልወጣለትም ነበር።

ጎረቤት ሊያስተዛዝነን ቤታችን በተሰበሰበበት ምሽት እማሆይ ሳይጠየቁ አዲስ ተረት ጀመሩ። «አንዲት ዓይነ ክፉ ልጅ ነበረች። ወንድሟ ቢወለድ ቀናችና፣ እየሳቀች ትንፋሹን ያዘችበት» አሉ። ያን ምሽት ጅብ አላስፈለጋቸውም። የሰው ዓይን ሁሉ እኔ ላይ አረፈ። ያኔ የጠበቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እናቴ ነርሷ ያለችውን ትናገርልኛለች ብዬ። እናቴ ግን በእንጨት ፍሙን መቆስቆስ ያዘች። አባቴም የነርሷን ነገር አላነሣም። ከዚያ ምሽት ጀምሮ መኝታዬ ከእናቴ ጎን ተነሥቶ በሩ አጠገብ ሆነ።

እማሆይ ከሞቱ ቆይተዋል፤ አላዘንኩም፣ አዘንኩ ብዬም አልዋሽም። ዘንድሮ ሰቆጣ ሴት ልጅ ወለድኩ። እናቴ የገንፎ ዱቄት ይዛ ልታርሰኝ መጣች። ጠያቂ በመጣ ቁጥር «ስድስት ወር ጡት ብቻ! ጠብታ ነገር እንዳታስነኩብኝ!» እያለች በር ላይ ትቆማለች። ነርሷ ያን ቀን ከነገረቻት አንዲት ቃል አልጣለችም። ሁሉንም ታውቀዋለች፣ ያኔም ታውቀው ነበር።

ሦስት ሳምንት አብራኝ ተቀመጠች። ልጄን አጥብቼ ስጨርስ ከእቅፌ ትቀበለኛለች። ውሃ ለመቅዳት እንኳ ስትወጣ ሕፃኗን አዝላ ነው የምትወጣው፤ አንድ ቀንም ከእኔ ጋር ብቻዋን ትታት አልሄደችም።