ለሁለት ሰው የተሰፋች ድንኳን

እውነቱን ተናግሮ የመሸበት ማደር ነው፤ እኔ ፈረስም ጫካም አምሮኝ አልነበረም። ያማረኝ ከባሌ ጋር መጣላት ነው።

አትሳቁ። ከተጋባን ስምንት ወር ሆኖን አንድ ቀን እንኳ ደህና አድርገን ተጣልተን አናውቅም። ፍቅር በዝቶብን አይደለም፣ ቦታ ጠፍቶ ነው። እኔ የወሎ ልጅ ነኝ፤ ጭሮ የመጣሁት አዋላጅ ነርስ ሆኜ ተመድቤ ነው። እሱ የዚሁ አገር ልጅ፣ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነው። የገባሁት እናቱ ቤት ነው፤ በአንድ በኩል አማቴ፣ በሌላ በኩል ሁለቱ እህቶቹ፣ መሃል ላይ እኛ። ግድግዳው እንዴት ያለ መሰላችሁ? ባሌ ሲያስነጥስ ከማዶ «የርሐሙከላህ» ይባልለታል።

ድምፄን ትንሽ ከፍ ካደረግኩ አማቴ በሩ ላይ ናቸው። «ምን ሆናችሁ ልጆቼ?» ይሉና ቁጭ ብለው ያስታርቁናል፣ ግንባር ለግንባር ያሳስሙናል፣ ይመርቁናል። እኔ እኮ ገና ነገሬን አልጀመርኩም! የተናደድኩበት ነገር ጉሮሮዬ ላይ ቆሞ «አሚን» እላለሁ። ሳቁም ያው ነው። ከት ብዬ ከሳቅኩ እህቶቹ «ምንድነው? ለኛም ንገሩን እንጂ» እያሉ ይገባሉ። ወላሂ ክፉ የላቸውም። ክፉ ቢሆኑማ በቀላሉ እገላገል ነበር።

እንዲህ ሆነን ሳለ ነው ባሌ አንድ ቀን ብብቱ ስር ጥቅልል ነገር ይዞ የገባው። ጓደኛው አንድ ፕሮጀክት ላይ ሲሠራ የተረፈችው ድንኳን ናት፤ ብርቱካን ቀለም፣ ለሁለት ሰው ብቻ የተሰፋች። «ከኩኒ በላይ ያለውን ጫካ አይተሽው አታውቂም» አለኝ በሹክሹክታ። «አጎቴ ሁለት ፈረስ ይሰጠናል። ሁለት ሌሊት ጥዱ ስር እናድራለን።» እኔ ከዚህ ሁሉ የሰማሁት «ሁለት» የምትለዋን ነው። ሁለት ፈረስ፣ ሁለት ሌሊት፣ ሁለት ሰው! ልቤ እንደ ሙሽራ ደለቀች። ሙሽራ አይደለሁም እንዴ ታዲያ!

ከዚያ ወዲያ ሥራችን ማቀድ ብቻ ሆነ። እሱ ካርታ ይስላል፤ ምንጩ እዚህ፣ ዝግባው እዚያ፣ የደጋ አጋዘን የሚወጣበት ሜዳ በዚህ በኩል። እኔ ስንቁን አስባለሁ፤ በሶ፣ ቴርሞስ፣ የእጅ ባትሪ፣ ሁለት ጋቢ። «ጋቢ አንድ ይበቃል» አለኝ። አቤት እንዴት እንደሳቅኩ፣ ትራሱን አፌ ላይ ይዤ! ፈረስ ላይ ወጥቼ እንደማላውቅ ግን አልነገርኩትም። እሱ «የወሎ ሰው ፈረስ ያውቃል» ብሎ ደምድሟል፤ እኔ ያደግኩት አስፋልት ዳር ነው፣ የማውቀውም ጋሪ የሚጎትተውን ፈረስ ነው። ብወድቅም እሱ ያነሳኛል ብዬ ዝም አልኩ።

አንድ ቅዳሜ ቀዳዳ እንዳላት እንይ ብለን ድንኳኗን ግቢ ውስጥ ተከልናት። የመጀመሪያው ስህተታችን ይኸ ነው። በኛ አገር ድንኳን የሚተከለው ወይ ለሰርግ ወይ ለለቅሶ ነው፤ እኛ ቤት ሰርግ እንዳለፈ ደግሞ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ገና ገመዱን ሳንወጥር አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን «ወይኔ! ወይኔ!» እያሉ በሩን ገፍተው ገቡ። እሳቸውን አይተው ሌሎች ተከተሉ። አማቴ ከገበያ ሲመለሱ ግቢው ሴት ብቻ ሆኖ አገኙት። «ማን ሞተብኝ?» ብለው ዘንቢላቸውን ለቀቁት፣ ቲማቲሙ በየቦታው ተንከባለለ።

ባሌ ከድንኳኗ ውስጥ አንገቱን አወጣ። «ኧረ ማንም አልሞተም አቦ! ፈረስ ይዘን ጫካ ልናድር ነው!»

አሮጊቷ እንባቸውን በሻሻቸው እየጠረጉ ድንኳኗንም እሱንም አዩ። «ቤት እያላችሁ?» አሉ። ከሞት የባሰ ነገር የሰሙ ነው የመሰሉት። እኔ ቲማቲም የምለቅም መስዬ ፊቴን አዞርኩ፤ ሳቄ ሊገለኝ ነበር።

ሁለተኛውን ስህተት ግን ባሌ ብቻውን ነው የሠራው። አጎቱ፣ ያ የፈረሶቹ ባለቤት፣ ድንች ሊሸጥ ከኩኒ ወደ ጭሮ ወረደ። ከዙህር በኋላ እኛ ቤት ጫት ይዘው በርጫ ተቀመጡ። ምርቃናው ሲሞቅ ባሌ ሁሉን ነገር ዘረገፈው፤ ጥዱን፣ ምንጩን፣ ሁለቱን ሌሊት። አጎትየው የያዘውን ጫት አስቀመጠ። «እኔ በሕይወት እያለሁ የእህቴ ልጅ ጫካ ያድራል? ጅብ ነው? ሰው ምን ይለኛል?»

አለቀልን። በምርቃና የተጀመረ እቅድ እንደሆነ ማቆሚያ የለውም። መጀመሪያ አንዱ ሌሊት አጎትየው ቤት ሆነ። ቀጥሎ ሁለተኛውም። በግ ይታረዳል ተባለ። በጉን ማን ይሠራዋል? እህቶቹ ይሂዱ። አማቴ ደግሞ «ወንድሜ ቤት ከደረስኩ ዓመት አለፈኝ» አሉ፤ እሳቸውም ገቡ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ጄኔሬተር ሁሉ ተጨምሮ ነበር። እኔ ሻይ እያቀረብኩ እሰማለሁ። በመጨረሻ ድንኳኗ አጎትየው በረንዳ ላይ እንድትተከል ተወሰነ፣ የአጎትየው ልጆች እንዲጫወቱባት። ባሌን አየሁት። ዓይኑን ሰበረብኝ። ያን ማታ ልበላው ነበር፤ ግን ግድግዳው አለ።

ይባስ ብሎ ከጉዞው በፊት ባለው ምሽት፣ ከመግሪብ በኋላ፣ አማቴ ፈረስ ማከፋፈል ጀመሩ። መኪና የሚሄደው እስከ ኩኒ ነው፤ ከዚያ ወደ አጎትየው ቤት ለሚወጣው ዳገት የተገኘው ፈረስ አራት ነው። «አንዱ ለኔ፣ ጉልበቴ ዳገት አይችልም። አንዱ ለትልቋ። አንዱ ለትንሿ።»

«አራተኛውስ?» አለ ባሌ።

«ፍራሽና ድስት ይጭናል።»

«እኛስ እማ?»

«ፈረስ አለቀ። ላሟንስ ማን ያልባል? እናንተ ቤት ጠብቁ።»

ደሜ ፈላ። ፍራሽ በፈረስ ሲሄድ እኔ ልቀር! ከፍራሽ አንሼ! ጉዞውን ያሰብን እኛ፣ ድንኳኗን ያመጣን እኛ፣ በሶውን የበጠበጥኩት… ማለቴ የቋጠርኩት እኔ። ምን እላለሁ? «እሺ፣ ቶሌ እማ» ብዬ ገብቼ ተኛሁ። ለባሌም ጀርባዬን ሰጠሁት።

ጠዋት ሚኒባሱ መጣ። ፍራሹ ጣሪያው ላይ ወጣ፣ በሶዬም አብሮት። እኔ በሩ ላይ ተገትሬ፣ ፊቴን አጥቁሬ ሸኘሁ። አማቴ ሊሳፈሩ ሲሉ ተመለሱና አቀፉኝ። አፋቸውን ጆሮዬ ላይ አደረጉ።

«እኔም በዚህ ቤት ሙሽራ ነበርኩ» አሉኝ። «አማቴ፣ አላህ ይማራቸው፣ አንድ ቀን ከቤት ወጥተው አያውቁም። እኛ ሦስት ቀን እንቆያለን። ሳንደውል አንመጣም።» ከዚያ ቀና ብለው ሰው ሁሉ እንዲሰማ «ላሟን አደራ!» ብለው ጮኹ።

ፊቴ በእሳት የተለበለበ ያህል ጋለ። አፈርኩ፣ ወደድኳቸው፣ ሮጬ መኪናው ውስጥ ገብቼ እግራቸውን ልስም አማረኝ። መኪናው ግን ሄዷል።

በሩን ዘጋን። «ሄዱ?» አለኝ ባሌ በሹክሹክታ። «ሄዱ» አልኩት፣ እኔም በሹክሹክታ። ከዚያ ነገሩ ገባንና ሳቃችን ፈነዳ። ግቢው መሃል መሬት ላይ ተቀምጬ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። «ምንድነው? ለኛም ንገሩን» የሚል የለም! ሲወጣልኝ ተነሳሁና ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርኩ።

«አሁን ና!» አልኩት። «በርጫ ላይ ምን አስለፈለፈህ?»

አቤት ጥል! ስምንት ወር የተጠራቀመ ጥል ነው። ከበርጫው ጀምሬ እስከ ካልሲው ድረስ አወረድኩለት። ለካ እሱም አጠራቅሞልኝ ኖሯል፤ ሽሮዬ ጨው ይበዛበታል፣ ስልክ ላይ ከእናቴ ጋር ስቀመጥ አልነሳም፣ ፈረስ እንደማልችልም ከመጀመሪያው ያውቅ ነበር! «ታዲያ ለምን ዝም አልክ?» ብዬ ጮህኩ። «አንቺስ?» ብሎ ጮኸ። ዶሮዎቹ ተበታተኑ። በሩን ድርግም አድርጌ ዘግቼ ገባሁ። በር ድርግም ማድረግ እንዲህ ደስ እንደሚል እስከዚያ ቀን ማንም አልነገረኝም።

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ። እሱም ደጅ ነው፤ ወዲያ ወዲህ ሲል ይሰማኛል። ምን እንደምጠብቅ የገባኝ ቆይቶ ነው። ሁለታችንም አስታራቂ እየጠበቅን ነበር። ማንም አልመጣም። ያኔ ደነገጥኩ። ራሳችን ታርቀን አናውቅማ! እንዴት እንደሚጀመር እንኳ አላውቅም። ብቻችንን ሲተዉን የማንችል ሰዎች ብንሆንስ? ቤቱን ሞልተው ያቆሙን እነሱ ቢሆኑስ? የእግሩ ድምፅ ቆመ። ወጥቶ የሄደ መሰለኝ።

ከዚያ በሩ ተንኳኳ። አንድ ሰው እንደ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ። «አሰላሙ ዐለይኩም» አለ ወፍራም ድምፅ። «ለእርቅ መጥተናል።»

ከንፈሬን ነከስኩ። «ወዐለይኩሙ ሰላም። ደህና መጣችሁ። ምን ይላል ልጁ?»

«በበርጫው ነገር ጥፋቱን አምኗል። በሽሮው ግን አልመለስም ብሏል።»

«የት ነው ያለው?»

«እዚሁ በር ላይ፣ አፍሮ ቆሟል።»

«እንግዲህ እናንተ ተመለሱ፣ አላህ ይስጥልኝ» አልኩ። «እሱ ብቻውን ይግባ።»