አነሰ የተባለው ሞቲቬሽኔ

ካርቱም፣ ሶባ ሰፈር ውስጥ በኪራይ በተገኘች አንዲት ክፍል ለስደተኛ ልጆች እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። አገር ቤት ባለዲግሪ መምህርት ነበርኩ፤ ካርቱም ግን ስደተኛ ለሚሠራው ሥራ ደሞዝ አይባልለትም፣ ኢንሰንቲቭ ነው የሚባለው። ክፍሏን የሚከራይልን ድርጅት በየወሩ አስፈርሞ የሚሰጠን ያንኑ ነበር። እኛም ትንሽ ደሞዝ ማለት ነው ብለን ለመድነው። «ኢንሰንቲቭ ወጣ?» እንባባላለን እንጂ ቃሉን ልብ ያለው የለም። የእንግሊዝኛ አስተማሪዋ እኔ እንኳ!

አንድ ሐሙስ የድርጅቱ አስተርጓሚ መጣ። እዚያው ካርቱም ያደገ የእኛው ልጅ ነው። በጀት ስላለቀ ክፍሏ ትዘጋለች አለኝና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት ዘረጋልኝ። ወረቀቱ ግን የመዘጋቷ ምክንያት የአስተማሪዎች ሞቲቬሽን ማነስ ነው ይላል።

ቁጣዬ አፍንጫዬ ላይ ነው፤ ደሜ ፈላ። መጽሐፍ ሳይኖረኝ ያስተማርኩት፣ በዝናብ ቀን ከሚኒባስ ወርጄ ጭቃውን እያቦካሁ የመጣሁት እኔ ነኝ ሞቲቬሽን ያነሰኝ?

«ኡስታዛ፣ ማዓሌሽ፣ እኔ አልጻፍኩትም» አለ፤ መምህርት፣ ይቅርታ ማለቱ ነው። «ብቻ ፈርሚ፣ የሥራ ልምድ ሸሃዳሽን፣ ምስክር ወረቀትሽን፣ አመጣልሻለሁ። ከላስ፣ አለቀ!»

«ይቺ ሸሃዳ ራሷ ኢንሰንቲቭ ናት» አልኩት። «ሰው እንዲሠራልህ ከውጭ የምታሳየው ማባበያ። ሞቲቬሽን ግን ከራስ ውስጥ የሚነሳ ነው። የሰጣችሁኝ ኢንሰንቲቩን ነው፣ እሱን ውሰዱ። ያልሰጣችሁኝን አነሰ ለማለት ማን ናችሁ?»

«ዋላሂ፣ ታዲያ ለአለቆቼ ምን ልበል?»

እስክሪብቶውን ተቀበልኩት። ሞቲቬሽን የሚለውን ሰርዤ ከላዩ ኢንሰንቲቭ ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ።

ስርዝ ያለበትን ወረቀት አለቆቹ እንደማይቀበሉ፣ ሸሃዳውም እንደቀረብኝ ነገረኝ። ያለ እሱ ሌላ ቢሮ ዞር ብሎ እንደማያየኝ አውቃለሁ። አልዋሽም፣ ፈራሁ። ግን ይቅር! ሰነፍ ነበረች የሚል ወረቀት ላይ ፈርሜ የሥራ ልምድ ልቀበል? የክፍሏን ቁልፍ እጁ ላይ አስቀመጥኩለት።

ቅዳሜ ጠዋት የምኖርባትን ክፍል ጠረግኩ። አልጋዬን አንስቼ ግድግዳው ላይ አቆምኩት። ቤቴ ኑ ያልኳቸው ልጆች አሥራ አንዱም መጡ፣ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ምንጣፉ ላይ ተጠጋግተው ተቀመጡ። እኔ የምቆምበት አንድ ክንድ ቦታ ተረፈኝ።

«ደብተር አውጡ» አልኳቸው።