ከእነብርቱካን መያዣ ላይ የቆረጥኩት

ይህ ነገር ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ለእህቴ አልነገርኳትም፣ አንድ ምንጣፍ ላይ አብራኝ ላደረች ጓደኛዬም አልነገርኳትም። አገሬ ብሆን ንስሐ አባቴ እግር ስር ወድቄ እናገረው ነበር። ሐርጌሳ ላይ ግን የምናዘዝለት ቄስ የለኝም። እናንተ ስሙኝ፤ ስትሰሙኝ ግን አትዘኑልኝ።

ዘነበች እባላለሁ። ያኔ 26 ጁን ሰፈር አንድ ግቢ ሙሉውን ተከራይቼ፣ አንዱን ክፍል ለራሴ ይዤ፣ የቀሩትን ለአገሬ ልጆች አከራይ ነበር። የግቢው ባለቤት ሐሊማ፣ ሕዝቧ ጦርነት ሸሽቶ ወደ እኛ አገር በተሰደደበት ዘመን ጅግጅጋ ያደገች ሴት ናት፤ አማርኛዋ ከእኔ አማርኛ አይተናነስም። ከተከራዮቼ ሁለቱ ደምሴና ሚስቱ ብርቱካን ነበሩ። እሱ የግድግዳ ልስን ሠራተኛ ነው፣ እሷ ሰው ቤት እየተመላለሰች ትሠራለች። ሲገቡ፣ በሚወጡበት ቀን የምመልስላቸውን መያዣ ሰጡኝ። እትዬ ነው የሚሉኝ። ስታመም ሾርባ የሠራችልኝ ብርቱካን ናት።

አንድ ቀን ከደብረ ታቦር ስልክ ተደወለ። የደምሴ አባት አልጋ ይዘዋል፣ የልጃቸውን ስም እየጠሩ ነው ተባለ። ባልና ሚስቱ ተመካከሩና ጠቅልለው ወደ አገራቸው ሊገቡ ወሰኑ። መሳፈሪያቸው እኔ ጋ ያለው መያዣ ነበር። ደምሴ የነገረኝ ፊቱ እያበራ ነው። «እትዬ፣ በነፍስ ልደርስባቸው ነው» አለኝ።

ሊወጡ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው ፓምፑ ተቃጠለ። እኛ ግቢ ውሃ በቦቴ መጥቶ ምድር ውስጥ ወዳለው ማጠራቀሚያ ይገለበጣል፤ ከዚያ ወደ ጣሪያው ታንከር የሚስበው ፓምፑ ነው። ውሃ ሳይኖር ከሠራ ይቃጠላል። ይህን ለተከራይ ሁሉ እየደጋገምኩ የማስጠነቅቀው እኔው ነበርኩ። ብርቱካን ጠዋት ልብስ ስታጥብ ከፍታው ነበር፤ ስትጨርስ ዘግታው ወደ ሥራዋ ሄደች። መዝጋቷን በዓይኔ አይቻለሁ። ከሰዓት በኋላ የከፈትኩት እኔ ነኝ። ከፍቼው እህቴ ደወለችልኝ፤ ክፍሌ ገብቼ ስለ ሠርግ፣ ስለ ጎረቤት ስናወራ ረሳሁት። ያስታወሰኝ የተቃጠለ ሽቦ ሽታ ነው። ሮጬ ወጥቼ ነቀልኩት። ግቢው ውስጥ ሰው አልነበረም። ያየኝ የለም። ያየኝ የለም ያልኩት ለማን ነው? እግዚአብሔርን ረስቼው ነው?

ቁልፉን ሊያስረክቡኝ የመጡ ዕለት ደምሴ ክፍሉን ራሱ ቀለም ቀብቶት ነበር። ሚስማር የነበረበትን ቀዳዳ እንኳ ደፍኖታል። የምቆርጥበት አንድም ነገር አልነበረም።

«ፓምፑ ተቃጥሏል» አልኩ። «ብርቱካን ስታጥብ ሳትዘጋው ሄዳ ነው። የግቢው ባለቤት የምትጠይቀው እኔን ነው፤ ምን ላድርግ?»

ብርቱካን ደነገጠች። «ኧረ እትዬ፣ ዘግቼዋለሁ!»

«ታዲያ እኔ ነኝ ያቃጠልኩት?» አልኳት። አዎ፣ እንዲህ ብዬ ጠየቅኳት። እሷም ዓይኗን ሰበረች እንጂ አንቺ ነሽ አላለችኝም።

ደምሴ ሚስቱን ዞሮ አያት። «ስንት ጊዜ ነግሬሻለሁ? ሐሳብሽ የት ነው የሚሄደው?» ቀጥሎ ወደ እኔ ዞረና፣ «ይቅርታ እትዬ፣ ቁረጭ፤ የሰው ንብረት ነው» አለኝ። ቆረጥኩ። ከተረፈው ገንዘብ ሁለት ሰው ደብረ ታቦር አይደርስም። እሷን ብቻዋን በሰው አገር ጥሎ መሄድ አልሆነለትም፤ ትንሽ ልስን ሠርቼ እሞላዋለሁ አለ። ዕቃቸውን ተሸክመው ሼክ ኑር የሚባል ሰፈር፣ ከላስቲክና ከጨርቅ የተሠራች የአንድ ወዳጃቸው ጎጆ ውስጥ ተጠጉ።

በሳምንቱ ሐሊማ መጣች። የፓምፑን ገንዘብ ስሰጣት ከማን እንደ ሆነ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት።

«ወላሂ፣ ያ ፓምፕ ያረጀ ነው፤ ዛሬም ባይሆን ነገ መቃጠሉ አይቀርም ነበር» አለችና ከሰጠኋት ግማሹን መለሰችልኝ። «መንገደኛ ናቸው። ዛሬውኑ አድርሺላቸው።»

እሺ አልኳት። ሼክ ኑር ሩቅ ሆኖ ነው ያልሄድኩት? አይደለም። ሳደርስላቸው ምን ብዬ እንደምሰጥ ሳስብ ዋልኩ፤ ነገ እላለሁ፣ ነገ ይነጋል። በመሃል አስቤዛ ገዛሁበት። እሱም አለቀ።

የደምሴ አባት ልጃቸውን ሳያዩ ሞቱ። መርዶውን የሰማው ሥራ ላይ፣ እጁ በሲሚንቶ እንደ ተለወሰ ነው አሉ። አፈር ሊያለብሳቸው አልቻለም። ለቅሶ ሄድኩ። አዎ፣ እኔም ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ ከለቀስተኞቹ ጋር ላስቲኩ ስር ተቀመጥኩ። ደምሴ አያለቅስም፤ መሬት መሬት ያያል። ብርቱካን ደረቷን እየመታች፣ «በእኔ ጦስ ነው! በእኔ ዝንጉነት ነው!» ትላለች። ሴቶቹ እጇን ይይዙታል። እኔም አንዱን እጇን ያዝኩ። በዚያች ሰዓት አንዲት ቃል ብናገር በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ነፃ ትወጣ ነበር። «እግዜር ያጥናሽ» አልኳት። ያልኳት ይህን ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ግቢውን ለቅቄ ሌላ ሰፈር ገባሁ። ዓመታት አለፉ። ባለፈው ጾም ዋሄን ገበያ ምስር ልገዛ ሄጄ፣ በግርግሩ መሃል «እትዬ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ብርቱካን ናት። ከስታለች፤ ዘንቢል ይዛ ብቻዋን ናት። ጉንጬን አገላብጣ ሳመችኝ። ስለ ደምሴ ጠየቅኳት።

«ተለያየን እኮ» አለች። «ከአባቱ ሞት በኋላ ቤታችን ቤት አልሆነም። በተናገርኩ ቁጥር ያንን ያነሳብኛል። በመጨረሻ ትቶኝ አገሩ ገባ። አልፈርድበትም።»

ባለጋሪ መንገድ ልቀቁ እያለ ጮኸብን፤ ወደ ዳር ጠጋ አልን። ክንዴን አልለቀቀችውም ነበር።

«እንኳን አገኘሁሽ» አለችኝ። «ያኔ ዘግቼዋለሁ ብዬ ተከራከርኩሽ። ሳስበው ሳስበው፣ ሳልዘጋው ሄጄ መሆን አለበት። አንቺ ትዋሺኛለሽ? ስለ እመቤቴ ብለሽ ይቅር በይኝ።»

በጉንጯ ላይ እንባዋ ወረደ። እኔ ምን አልኩ?

«ይቅር ለእግዜር» አልኳት።

መረቀችኝ። ዕድሜ ይስጥሽ ብላኝ በሕዝቡ መሃል ሄደች። አልተከተልኳትም። የት እንደምትኖር እንኳ አልጠየቅኳትም።

ቸግሮኝ ነበር አልልም፤ ችግርስ እነሱም ነበረባቸው። ፈርቼ ነው አልልም፤ ሐሊማ ያቺን ግማሽ ስትመልስልኝ ፍርሃቴ አብቅቶ ነበር። ገንዘቡ ቢሆን ይከፈላል። የገዛ እጇን እንዳታምን ያደረግኳትን ሴት በምን እክፈላት? እናንተንስ ይቅር በሉኝ ብዬ አልለምንም፤ የወሰድኩት ከእናንተ አይደለም። ብርቱካን ፓምፑን ዘግታው ነበር። ያቃጠልኩት እኔ ነኝ።