አንተ የተባሉት እንግዳ

ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይባላል፤ ዜና ብቻውን ስለሚያነብ ሰው ግን የተተረተ የለም። የድሮ ባልደረባዬ ሥራ ቀይራ አዲስ አበባ ከገባች ወዲህ፣ የድሬን የምሽት የቴሌቪዥን ዜና ከሰላምታው እስከ ስንብቱ ለብቻዬ ሳነብ ጉሮሮዬ ሊከዳኝ ደርሶ ነበር። ሐኪሙ "ወይ ድምፅህን አሳርፍ፣ ወይ ሥራህን ቀይር" ብሎኛል። ለመምከር ማን ብሎት።

ስለዚህ አለቃችን ከሶማልኛው ክፍል አንዲት ልጅ ሲያመጣልኝ ልስመው ምንም አልቀረኝም። እሱ ግን ደስታዬን በአጭሩ ቀጨው። "አንድ ቀን በቀጥታ ስርጭት ትሞከራለች። ከተበላሸ ወደ ክፍሏ ትመለሳለች፤ አንተም እንደለመድከው ብቻህን ትቀጥላለህ።"

የልጅቷ አማርኛ እንከን አልነበረውም። የሚያሰጋኝ ሌላ ነው፤ ድሬ ላይ አንቱታ ብዙ አይታወቅም። ልጅ አባቱን፣ ገዢ ነጋዴውን፣ ሁሉም ሁሉንም አንተ ነው የሚለው። እሷ ደግሞ እናቷ ሱቅ ውስጥ ገበያተኛ እየጠራች ያደገች ናት። በሙከራችን ዕለት የሚቀርቡት እንግዳ ከአዲስ አበባ የመጡ ባለሥልጣን መሆናቸውን ስሰማ "እርስዎ በይ፣ እርስዎ!" እያልኩ መግቢያ መውጫ አሳጣኋት።

"አቦ ተረጋጋ" አለችኝ። "ወላሂ ከሰውዬው ይልቅ አንተ ነህ የምታስፈራኝ።"

ዜናውን እየተቀባበልን አነበብነው። እሷ ስትቀጥል እኔ ውሃ እጎነጫለሁ፤ ይህ ምን ያህል እረፍት እንደሆነ ብቻውን ያነበበ ያውቀዋል። ከዚያ ወደ እንግዳው ዞርን። ጉዳዩ ከተማችንን አቋርጦ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ነበር። ሰውዬው "ጥናቱ በሂደት ላይ ነው" እያሉ ዙሪያ ጥምጥም ሲሄዱ፣ የደቻቱ ዳር ልጅ ነኝና ደሜ ፈላ።

"ቆይ፣ አንተ ዝናብ ሲመጣ እዚያ አድረህ ታውቃለህ?" አልኳቸው።

አንተ ያልኩት እኔ ነኝ፤ "እርስዎ በይ" ባዩ አስተማሪ። የእንግዳው ፊት ጠቆረ። ከመስታወቱ ማዶ አለቃችን ሁለት እጁን አናቱ ላይ ሲጭን አየሁት። አለቀልን፣ እሷም ልትመለስ ነው አልኩ በልቤ።

ልጅቷ ፈገግ ብላ ወደ እንግዳው ዞረች። "እንኳን ደስ አለዎት፤ የድሬ ሰው አንተ የሚለው ቤተኛ ያደረገውን ነው። ጥያቄው ግን የእኔም ነው፤ እዚያ አድረው ያውቃሉ?"

ሰውዬው ሳይወዱ ሳቁ። "አላውቅም" አሉ፤ ከዚያ በኋላ ጥናቱን ትተው ስለ ሰዉ ማውራት ጀመሩ።

ስንወጣ አለቃችን በር ላይ ቆሞ ጠበቀን። እኔን ዘሎ እሷን አያት።

"ከነገ ጀምሮ ቋሚ ነሽ" አላት። "እሱን ደግሞ እርስዎ ማለት አስተምሪው።"

እንደዚያ የጣፈጠኝ ስድብ የለም። እፎይ አልኩ፤ ዕንባዬ ሁሉ መጥቶ ነበር። በማግስቱ እሷ ተራዋን ስታነብ እጄን አጣጥፌ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ለካ የከተማዬን ዜና ብቻዬን በቆየሁበት ጊዜ ሁሉ አነበው ነበር እንጂ አልሰማውም ነበር።