ደሴቷ ስታንኳኳ

«አሥር ደቂቃ ሙሉ እግር ሳናነሣ? ጋሼ፣ እኛ የኪነት ቡድን እንጂ ሐውልት አይደለንም!»

«ሐውልት ሁኑ አላልኩም። ተቀመጡ ነው ያልኩት።»

«እሑድ ውድድር አለብን። የመጨረሻው ጭፈራ ገና አልገጠመልንም። ተቀምጠን ነው የምናሸንፈው?»

«እኔ እኮ የማወራው ስለ ሰው ሕይወት ነው!»

«እኔስ ስለ አህያ ነው እንዴ የማወራው?»

ልጅቷ የቀበሌያችን የኪነት ቡድን መሪ ናት። ወገቧን በሁለት እጇ ይዛ የጣቢያችን በር ላይ ቆማለች፤ የቀሚሷ ጠርዝ አቧራ ለብሷል፣ ፊቷ በላብ ያበራል። እኔ በእሷና በጋሼ መካከል ሆኜ ሳቄን ለመዋጥ ከንፈሬን ነክሻለሁ። ጋሼ የምለው አለቃዬን ነው፤ ካፖርታቸውን በበጋም የማያወልቁ፣ በር ሲላተም ከሰሙ ቀኑን ሙሉ የማይታረቁ ሰው ነበሩ። «በር በቀስታ!» የጣቢያው የመጀመሪያ ሕግ ነው። ሁለተኛ ሕግ አልነበረንም።

ጣቢያው ከወሰን ሰፈር ሽቅብ፣ በእንጦጦ ተረተር ምሥራቃዊ ትከሻ ላይ፣ በባሕር ዛፍ የተከበበ አንድ የድንጋይ ክፍል ነው። ከወለሉ ሥር እስከ አለቱ የወረደ ጉድጓድ አለ፤ የምድርን እንቅስቃሴ የሚያዳምጠው መሣሪያ እዚያ ተቀምጧል። የሰማውን ወደ ላይ፣ ወደ መርፌው ይልካል፤ መርፌው ደግሞ ቀስ ብሎ በሚዞር ሲሊንደር ላይ፣ በጥላሸት በጠቆረ ወረቀት ላይ፣ ነጭ መስመር ይጭራል። ወረቀቱን በላምባ ጭስ የማጠቁረው እኔ ነኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ያገኘሁት ሥራ ይኸው ነበር፣ ወረቀት ማጥቆር። ራሱን በራሱ ላስተማረ ገጣሚ ግን ከዚህ የተሻለ ሥራ ከየት ይመጣል? የተበላሸ ወረቀት ሁሉ የእኔ ነው፤ በጥፍሬ ግጥም እጭርበታለሁ። እናቴ እጄን ባየች ቁጥር «ከሰል መነገድ ጀመርክ እንዴ?» ትለኝ ነበር።

ነገሩ የጀመረው ረፋዱ ላይ፣ ቀበሌው በላከብን መልእክተኛ ነው። የእኛ የስልክ መስመር ከክረምቱ ወዲህ እንደተበጠሰ ስለነበር ሰው የሚያገኘን በቀበሌው ስልክ ነበር። ጋሼ ወርደው አነጋግረው፣ ትንፋሽ አጥሯቸው ተመለሱ። የደወለው በሰሜን ያለው ጣቢያ ነው። በቀይ ባሕር መካከል ያለች አንዲት የእሳተ ገሞራ ደሴት ከዚያው ጠዋት ጀምሮ ከሥሯ፣ ከጥልቁ፣ ትንቀጠቀጣለች። በዚያ ላይ ሳምንት የዘለቀ፣ ማባሪያ የሌለው ማጉረምረም አለ። ደሴቷ ላይ የመርከብ መብራት የሚጠብቁ ሰዎችና ለወቅቱ የሰፈሩ ዓሣ አጥማጆች አሉ። አንዲት ጀልባ በአሥር ሰዓት በዚያ በኩል ልታልፍ ነው። ቆማ ሰዎቹን እንድትጭን ለማዘዝ ግን የአንድ ጣቢያ ቃል አልበቃም። «እናንተም ካያችሁት ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ደውሉ» ብለዋል። ካልደወልን ጀልባዋ ደሴቷን እያየች ታልፋለች።

እኔ ዘለልኩ። በእውነት ዘለልኩ። ምክንያቱም ማጉረምረሙን አይቼዋለሁ! ሳምንቱን ሙሉ መርፌው ሲንዘፈዘፍ፣ ነጩ መስመር እንደ በቆሎ ጸጉር ሲንጨባረር እያየሁ፣ ምድር ከሆዷ የምታዜመውን ዜማ በግጥም ስከትብ ነበር። አሁን ዜማው ባለቤት አገኘ። ደሴት! ባሕር አይቼ ስለማላውቅ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

«ጋሼ፣ ይኸው! የእሳቱ ድምፅ ይኸው!»

ጋሼ ወረቀቱን አዩ። ከዚያ በመስኮቱ ወደ ታች፣ ወደ ሜዳው አዩ። የኪነቱ ልጆች ከአብዮት ጥበቃ የተዋሱትን ቡትስ ተጫምተው በሰልፍ መሬቱን ይደበድባሉ፤ አቧራው እስከ ባሕር ዛፉ ወገብ ደርሷል።

«ደሴትህ ቡትስ አድርጋለች» አሉኝ።

«አይደለም ጋሼ! ይሄ ከጥልቅ የመጣ ነው!»

«እስከ ትናንት ምሳ ሰዓት ላይ ጸጥ ይል ነበር፤ ዛሬ ልጆቹ ለምሳም አላቆሙ። እሳተ ገሞራ ምሳ ይበላል?»

ሳምንት ሙሉ በጭፈራ ላይ ግጥም ጽፌአለሁ! ያውም «የአዳም ልጅ ጆሮ ያልሰማሽ» እያልኩ፤ ጭፈራውን ደግሞ ከየካ እስከ ኮተቤ ያልሰማው አልነበረም። መጀመሪያ አፈርኩ፤ ከዚያ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ጋሼ ግን አልሳቁም።

«የእነሱ ማጉረምረም እኛ ዘንድ ላይደርስ ይችላል» አሉ። «ጥልቁ መንቀጥቀጥ ግን ይደርሳል። አሁን ከዚህ ጭፈራ ሥር ተቀብሮ ሊሆን ይችላል፤ ላይኖርም ይችላል። ሳይቆሙ አይታወቅም።»

ሳያረጋግጡ የማይደውሉበት ምክንያት ነበራቸው። ባለፈው ዓመት ከሩቅ የመጣ የመሬት መንቀጥቀጥ ብለው ያስተላለፉት ወሬ ካራ አካባቢ መንገድ የሚዳምጥ መኪና ሆኖ ተገኘ። በሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ላይ ቆመው፣ በዳምጠው መኪና ምክንያት ራሳቸውን እንዲሂሱ ተደረገ። አሁን ደግሞ ጀልባ አስቁመው ባዶ ሆኖ ቢገኝ «ሕዝብ አሸባሪ» መባል ነው። እንግዲህ ልጅቷን ያስጠራናት ለዚህ ነበር፤ እሷ ደግሞ ሐውልት አይደለንም አለች።

ወደ እኔ ዞረች።

«ይሄ ያንተ ሥራ ነው፣ አይደል? ግጥምህን ስላልዘፈንልህ ነው!»

«ግጥሜ ምን ይወጣለታል?»

«ስለ ባሕር ዛፍ ነዋ የጻፍከው! ባሕር ዛፍ መደብ የለውም።»

«ጭቁን ነው። ቅጠሉን ሁሉ ይመለምሉታል።»

መሳቅ አልፈለገችም፤ ግን አመለጣት። ጋሼ ይህን አዩና አካሄዳቸውን ለወጡ። እንግዳ አስገብተው የማያውቁት ሰው ከበሩ ገለል አሉ።

«ግቢ። እግራችሁን ላሳይሽ።»

በጣቷ ጫፍ እየረገጠች ገባች። ጋሼ በእርሳሳቸው ሳይነኩ ወደ ወረቀቱ አመለከቱ።

«ይሄ ሁላችሁም ናችሁ። ይሄ ወፍራሙ፣ መጨረሻ ላይ አንድ ላይ የምትረግጡት ነው።»

«ከኋላው ያለችው ትንሿስ?»

«እሷ አርፍዶ የረገጠ ሰው ናት።»

ልጅቷ አጎንብሳ ቀጣዩን አየች፤ ትንሿ ጭረት አለች። የሚቀጥለውንም አየች፤ አሁንም አለች። ዐይኗ ፈጠጠ። ሳምንቱን ሙሉ በጆሮዋ ስትፈልገው የነበረው ስሕተት ነው።

«ረጅሙ ነው! እኔ አላልኩም? እሱ ነው!» በመስኮቱ ብቅ ብላ ጮኸች። «አንተ ረጅም! ምድር ራሷ አጋለጠችህ! ሁላችሁም ቁጭ በሉ! እግሩን ያነቃነቀ እሑድ መድረክ ላይ አይወጣም!»

ሜዳው ጸጥ አለ። መርፌው ግን ረጭ አላለም፤ አሁንም ጥቃቅን ጭረት ይጭራል። ወጥቼ ሳይ፣ ከጫካው የሚወርዱ እንጨት የተሸከሙ እናቶች በጣቢያው ጥግ ባለችው ቀጭን መንገድ ይመጣሉ። ሮጥኩና እጄን ዘርግቼ ቆምኩ።

«እናቶቼ፣ አንዴ ብቻ ቁሙልኝ!»

ፊተኛዋ ከሸክሟ ሥር ቀና ብላ አየችኝ። «ያ ዋቃ! ቆሞ መሸከም ከመሄድ ይብሳል እኮ፣ ልጄ። ደግሞ ማን ሊያልፍ ነው? ባለሥልጣን ነው?»

«ባለሥልጣን አይደለም። ምድርን እያዳመጥን ነው።»

«ምድር ምን አለች?»

«እናንተ ካረፋችሁ ልትናገር ነው።»

እርስ በርሳቸው በኦሮምኛ ተነጋገሩና ሳቁብኝ። ቢሆንም ሸክማቸውን ጣሉ። ሲጥሉት ከውስጥ የጋሼ ጩኸት ተሰማ፤ መርፌው መዝለሉ ነው። ከዚያ ተቀመጡ፣ አንዷ ጫማዋን አውልቃ ጠጠሩን አራገፈች፣ የነፋስ ሽውታ ብቻ ቀረ። በጣቴ ጫፍ ተመልሼ ገባሁ።

ነጩ መስመር ቀጥ አለ። የእኔ ታላቅ እሳተ ገሞራ ከነግጥሙ ድራሹ ጠፋ። ሦስታችን ትንፋሻችንን ውጠን ስናየው፣ ከሜዳው አንድ ሰው አስነጠሰ፤ ልጅቷ አፏን በነጠላዋ አፈነች፤ እኔም ትከሻዬ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጋሼ እንደ አስተማሪ በዐይናቸው ገሠጹን።

ያኔ መርፌው አንዴ ነካ አደረገ። ትንሽ፣ ስለታም፣ ጥፍር በር እንደሚነካ። ጋሼ የእጅ ሰዓታቸውን ያዙ። እኔ ይህን አውቃለሁ፤ ከሩቅ የሚመጣ መንቀጥቀጥ ሁለቴ ነው የሚያንኳኳው፣ ፈጣኑ ቀድሞ፣ ዘገምተኛው ተከትሎ፣ በመካከል ያለው ጊዜም ርቀቱን ይናገራል። ጠበቅን። ልጅቷ ክንዴን ጨብጣ እንደነበር ያወቅሁት ኋላ ላይ፣ ሲያመኝ ነው። መስመሩ ቀጥ ብሎ ሄደ፣ ሄደ፣ እንግዲህ የለም ስል፣ ሁለተኛው መጣ፤ ሰፋ ብሎ፣ እየተወዛወዘ።

ጋሼ በሠንጠረዣቸው ላይ ጣታቸውን አስሄዱ። «ርቀቱ ልክ የደሴቷ ነው» አሉ በሹክሹክታ። «አንድ ብቻውን ግን አያስተማምንም።»

«አሥር ደቂቃው አለቀ» አለች ልጅቷ፣ እሷም በሹክሹክታ። ጋሼ አንገታቸውን ደፉ። «ልጨምርላችሁ?» አለቻቸው።

መልስ ሳትጠብቅ በመስኮቱ ብቅ ብላ ጣቷን ከከንፈሯ ላይ አደረገች። ያ ሁሉ የሚዘል፣ የሚያፏጭ፣ የሚሳደብ የሰፈር ልጅ ቡትሱን አቅፎ እንደ አማኝ ተቀምጧል። ረጅሙ እንዳይነቃነቅ ሁለት ሰው እግሩ ላይ ተቀምጦበታል።

እንደገና ተንኳኳ። ያው የመጀመሪያው ትንሽ፣ ያው የጊዜ ርቀት፣ ያው ሰፊ ሁለተኛ።

ጋሼ ቆሙ። ባርኔጣቸውን አነሡና እንደገና አስቀመጡት። «እንደ ዳምጠው መኪናው ቢሆንስ? እንደገና መድረክ ላይ ቢያወጡኝስ?»

«እኛም አብረን እንወጣለን» አለች ልጅቷ። «ያን ሰዓት አልጨፈርንም ብለን እንመሰክራለን። የኪነት ቡድን ተቀምጦ ነበር ብሎ የሚዋሽ የለም፤ ውርደት ነው።»

ጋሼ ሳቁ። በሁለት ዓመት ውስጥ ጥርሳቸውን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ሰዓታቸውን አዩ፣ ቁልቁለቱን በመስኮት ለኩ፣ ባርኔጣቸውን አደረጉ።

«አይተናል እላለሁ። ጀልባዋ ትቁም እላለሁ። አለቀ!»

ካፖርታቸው እየተርገበገበ እንደ ጎረምሳ ሮጠው ወጡ፤ ያ ሁሉ ዘመን በቀስታ ያስዘጉን በር ከኋላቸው ጓ! ብሎ ተዘጋ፣ መርፌውም ዘለለ።