አልታመም ያሉ አይጦች

ሥራዋ አይጥ ማሳመም ነበር። ለማያውቃት ሰው «ተመራማሪ ነኝ» ትላለች፤ ለሚያውቃት ግን እውነቱን አትደብቅም። አይጦቿ ከመፀነሳቸው ጀምሮ አንድ ዘረመል፣ እነሱ ባጭሩ «ጂን» የሚሉት፣ እንዲጎድላቸው የተደረጉ ናቸው። ያ ዘረመል የክንድን አጥንት ያበቅላል ተብሎ ይጠረጠራል። ስለዚህ ወይ ክንዳቸው ይጣመማል፣ ወይ ጭራሽ ሳይበቅል ይቀራል ብላ ጠበቀች።

አይጦቹ እንደ እምቦሳ ፈነጩ። በሉ፣ ጠጡ፣ ተዋለዱ። የሞቱትን በመድኃኒት ዘፍዝፋ ሥጋቸው እንደ ብርጭቆ እስኪጠራ ትጠብቃለች፤ አጥንታቸውን ቀይ ቀለም አስነክራ በአጉሊ መነጽር ታያለች። ሁሉም አጥንት ቦታው ላይ ነው። አንድ ጊዜ የአንዱ የእጅ አንጓ ላይ ጉብ ያለ ነገር አይታ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። መነጽሩን ስትወለውለው ጠፋ።

ባሏ ፀጉር አስተካካይ ነው። ከሥራ ስትመለስ በር ላይ ይቀበላታል።

«ዛሬስ?»

«ደህና ናቸው።»

«አይዞሽ።»

በማግስቱ ወሬው ለደንበኞቹ ይደርሳል። ከሁሉም የማይቀሩት ጡረተኛው መምህር ናቸው፤ ራሳቸው ላይ አንድም ፀጉር ስለሌለ የሚመጡት ለጨዋታ ነው።

«የባለቤትህ አይጦች እንዴት ሰነበቱ?»

«ጤነኛ ናቸው ጋሼ።»

«እግዜር ያጽናት» ይሉና ጋዜጣቸውን ይገልጣሉ።

አንድ ቀን ባልየው ላስረዳ ብሎ ነገሩን አበላሸው። «እኮ ጂን አውጥታባቸው ነው!» አለ። ወንበሩ ላይ የነበረው ሾፌር አረፋ በተቀባ ፊቱ ዞሮ፣ «ጂን ከወጣላቸውማ ደህና ቢሆኑ ምን ይገርማል?» አለው። ቤቱ ሁሉ ልክ ነው አለ። ብዙም ሳይቆይ አንዲት የሰፈር ሴትዮ አማቷን አስከትላ ቤታቸው መጣች።

«አንቺ ነሽ አሉ የምታወጪው?»

«እኔ የማወጣው ከአይጥ ነው።»

ሴትዮዋ አማቷን ከላይ እስከ ታች አየቻቸው። «ግድ የለም፣ ሞክሪላቸው» አለች።

ከዚያ ኃላፊዋ አስጠራት። «እነዚህ አይጦችሽ ከእኔም ከአንቺም የተሻለ ጤና አላቸው» አላት። «ጤነኛ አይጥ ደግሞ በየጓዳው ሞልቷል። እስከ ዓመቱ መጨረሻ አንድ ነገር ካልታየ ጥናቱ ይዘጋል።» እሺ ብላ ወጣችና ቀጥ ብላ የአይጦቹ ሳጥን ወደሚታጠብበት ክፍል ሄደች። ማሽኑ ስለሚጮህ ሰው ሲያለቅስ አይሰማም።

ክፍሉ ውስጥ ግን ሰው ነበር። ከኮሪደሩ ጫፍ ያሉት አዛውንት ተመራማሪ፣ ሰው ሁሉ «ዝምታ» እያለ የሚያማቸው፣ የተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀምጠዋል።

«ለማልቀስ ከሆነ ልውጣልሽ» አሏት። «እኔ እንኳ ጨርሻለሁ።»

«እርስዎን ደግሞ ምን አገኘዎት?»

«አይጦቼ ደህና ናቸው።»

ማሽኑ አጥቦ እስኪጨርስ ነገሩን አጫወቷት። የእሳቸው አይጦች የጎደላቸው ዘረመል እሷ የምታጠናው ዘረመል የቅርብ ዘመድ ነው፤ በጥንት ዘመን አንድ የነበረው ተባዝቶ ሁለት ሆኖ፣ ሁለቱ በየፊናቸው ኖረዋል። ዝምድናውን ማንም ያውቀዋል። እሳቸው አይጦቹን ማሳደጋቸውን ግን ለማንም ትንፍሽ አላሉም።

«ምነው ቢነግሩኝ?» አለቻቸው።

«ምን ብዬ? ጤነኛ ናቸው ብዬ?»

«አንዱ ሲጎድል ሌላው እየደረበ ይሠራለት እንደሆነስ?»

አዛውንቱ ተነሥተው ሱሪያቸውን አራገፉ። «የእኔን ወንዶች ውሰጃቸው» አሏት።

አዳቀሏቸው። ልጆቹ ከየወላጃቸው አንድ አንድ ደህና የዘረመል ቅጂ ስለወረሱ እንደ ደንቡ ጤነኛ ሆኑ። የሚጠበቁት የልጅ ልጆቹ ነበሩ፤ ከአሥራ ስድስት አንዱ ሁለቱንም ዘረመል ያጣል። ከብዙ ውላጅ በኋላ አንድ ጠዋት ሳጥኑን ስትከፍት አንዱ ግልገል መዳፉ ከክርኑ ሥር በቅሎ አየችው። ዕለቱን አልዘለቀም። አጥርታ፣ አቅልማ መነጽሩ ሥር አደረገችውና አዛውንቱን ጠራች። ከክርን እስከ አንጓ ሁለት አጥንት መኖር ነበረበት፤ ያለው ግን ምስር የሚያካክል ሁለት ፍንጣሪ ነው።

«የለም» አሉ አዛውንቱ።

«የለም» አለች።

ተጨባበጡ። ስትመኘው የኖረችው ይህንኑ ነበር። ብቻዋን ስትቀር ግልገሉ ያለበትን ሳህን በንጹሕ ጨርቅ ሸፈነችው። ቆይታ፣ ፎቶ መነሣት ስላለበት ገለጠችው።

«ዛሬስ?» አለ ባሏ።

«ክንድ የለውም።»

«እሰይ!» ብሎ ከመሬት አነሣት፤ ፊቷን ሲያይ ቀስ አድርጎ አወረዳት። «አዘንሽ እንዴ?»

«ትንሽ። አንድ ፍሬ ነበር።»

በማግስቱ መምህሩ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ሰምተው ጋዜጣቸውን አጠፉ። «ለካ ሌላኛው ደርቦ ሲሠራ ኖሮ ነው» አሉ። «ታዲያ አሁን ምን ይባላል፣ ነፍስ ይማር ነው ወይስ እንኳን ደስ ያላት?»

«ሁለቱንም ጋሼ።»

መምህሩ ሁለቱንም አሉ።

ሌሎችም ግልገሎች እንዲያው ሆነው ተወለዱ፤ ጥናቱም በሁለቱ ስም ወጣ። ኃላፊዋ በስብሰባ ላይ «እኔ መቼም ከመጀመሪያው ጠርጥሬ ነበር» አለ፤ ማንም አልተከራከረውም። አዛውንቱ ጡረታ ሲወጡ ክፍላቸውን ለሷ ለቀቁላት። ወደ መኪና ማቆሚያው የሚያሳይ መስኮት አለው። ጠረጴዛዋን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ዓይኗን ሲወጋት መልሳ ወደ ግድግዳው አዞረችው።