እናቴ የለሰነችው ግድግዳ

እናቴ ለሕክምና ሆላንድ፣ ዴን ሃግ መጥታ ላክ የሚባል ሰፈር ካለው ቤቴ ከተቀመጠች ወዲህ፣ አገር ቤት ያለው ወንድሜ በደወለ ቁጥር አንድ ነገር ይጠይቃት ነበር፤ የጭቃ ቤቷን አፍርሶ በብሎኬት ለመሥራት። እሷም «እኔ እስክመለስ ማንም እንዳይነካው!» ብላ ስልኩን ታቀብለኛለች። ቤቱ እስካለ ድረስ መሄዷ አይቀርም። እኔ ደግሞ እንድትቀርልኝ ነበር የምፈልገው፤ አልደብቅም።

ባለፈው ዓመት የእንግሊዝ ቪዛዋ እንደምንም ሲወጣ፣ ከሮተርዳም በመርከብ ተሻግረን ገጠር ያለ ጥንታዊ የባላባት ቤት ልናይ ሄድን። በነጩ ግድግዳ ላይ ወፋፍራም ጥቁር እንጨት ቀጥ ብሎም ተጋድሞም ይታያል። አንድ ክፍል ውስጥ፣ ጎብኚ አሠራሩን እንዲያይ ልስኑ ተነስቷል። በምሰሶዎቹ መሃል ጭራሮ ተጠላልፎ፣ በላዩ ጭቃና ጭድ ተመርጎበታል።

«ውይ በሞትኩት! የባላባት ቤት አላልሽኝም እንዴ? ይሄማ የኛው ነው!» አለች።

እኛ ዘንድ ክረምቱ ሲወጣ ጭቃና ጭድ በእግር ተረግጦ፣ እስኪቦካ ተትቶ፣ ግድግዳው እንደገና ይለሰናል። እናቴ የተሰነጠቀ ግድግዳ አይታ ማለፍ አይሆንላትም። ዘወር ስል ጣቷን በምራቋ አርሳ የእንግሊዞቹን ስንጥቅ እየደፈነች ነው። አስጎብኚዋ ጮኸች። እኔ ይቅርታ ስደረድር እናቴ «ጭዱ አንሶት ነው በያት» ትለኛለች። ስተረጉምላት ሴትዮዋ ሳቀች።

«ማን ይኖርበታል?» አለች እናቴ።

ጠየቅኩላት። ማንም አይኖርበትም፤ ለጎብኚ ብቻ ነው የሚከፈተው። አልጋው ተነጥፏል፤ ማንም እንዳይጠጋው ግን ገመድ ተወጥሮበታል። እናቴ አልጋውን እያየች ብዙ ቆመች።

በመርከብ ስንመለስ ስልኬን ተቀብላ ወንድሜ ጋ ደወለች።

«አፍርሰው» አለችው። «ሠርተህ ልጆችህን አስተኛበት። ባዶ ቤት ተለስኖ ምን ሊሆን ነው?»

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ መቅረቷ ነዋ። ግን ያ ቤት፣ የእርጥብ ጭቃው ሽታ፣ እጅጌዋን ሰብስባ ስትለስን የነበረችው ጉልበታሟ እናቴ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ናፈቁኝ።

«እማዬ፣ አታስፈርሺው። አብረን ሄደን እንለስነዋለን» አልኳት።

«መቼ?» አለችኝ።

እጄን ያዘችኝ።